እንዳሁላ፤ በበጋ የሚያብብ አትክልት

የመስቀል በዓል ካለፈ በኋላ አደይ አበባው ይረግፋል፤ ሣሩም እያደር ቢጫ ይሆናል። በትምህርት ቤታችን ግቢ በክረምት የተተከሉት አበቦችም ከኅዳር ወዲያ የሚቆዩት ተማሪ በባልዲ ውኃ ሲያመላልስላቸው ብቻ ነው። ቧንቧው ብዙ ቀን ስለሚደርቅ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም። እኔም ስለ እንዳሁላ ማሰብ የጀመርሁት የአትክልት ክበብ አባል ሆኜ ሁለት በጋ ባልዲ ከተሸከምሁ በኋላ ነው።

እንዳሁላን የማያውቅ የደጋና የወይና ደጋ ሰው ጥቂት ነው። በድንጋይ ካብ ላይ፣ በአጥር ሥርና በገደል አፋፍ ይበቅላል። ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ ያዘለ ነው፤ አበባውም በረጅም አገዳ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይወጣል። በየመንደሩ ለእብጠት ሲያስሩት እናያለን እንጂ ለጌጥ ብሎ የሚተክለው ሰው እምብዛም አይገኝም። በሳይንስ ካላንኮዬ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ በአገራችን ከሚበቅሉት ዓይነቶች አንዱ ካላንኮዬ ፔቲቲያና ይባላል። ይህ ስም የተሰጠው ወደ አገራችን መጥቶ ዕፀዋት ሲሰበስብ ለነበረው ለፈረንሳዊው ሐኪም ለአንቷን ፔቲ መታሰቢያ ነው። ሰውየው ግን አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1843 (በአውሮጳውያን አቆጣጠር) እዚሁ ሞተ።

ባለፈው ዓመት ከወንዝ ዳር ዐሥር ቁራጭ አምጥቼ በጽሕፈት ቤቱ ፊት ባለው መደብ ተከልሁ። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነበር። ፍግ ጨመርሁበት፤ ጧትና ማታም አጠጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሰባቱ ከሥራቸው ጠቁረው ወደቁ። የግቢው ዘበኛ አይተው፣ «አይ ልጄ፣ ይኸ እኮ ድንጋይ ላይ የሚያድር ነው፤ በውኃ ገደልኸው» አሉኝ። እኔም በነገሩ አፈርሁ፤ ምክንያቱንም ለማወቅ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርሁ።

ያገኘሁት ነገር ይህ ነው። ተክል ሁሉ ምግቡን ለመሥራት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለት የተቃጠለ አየር፣ ያስፈልገዋል። ይህንንም የሚያስገባው በቅጠሉ ላይ ባሉት በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ነገር ግን ቀዳዳው አየር ሲያስገባ ውኃን በተን አድርጎ ያስወጣል፤ በቀትር ፀሐይ ሲሆን ደግሞ የሚጠፋው ውኃ እጅግ ብዙ ነው። እንዳሁላና ዘመዶቹ ይህን ችግር የሚያመልጡት ቀን ቀዳዳቸውን ዘግተው፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ በሌሊት በመክፈት ነው። ሌሊት ግን ብርሃን የለም፤ ያለ ብርሃንም ምግብ አይሠራም። ስለዚህ የገባውን አየር ማሊክ አሲድ ወደሚባል ኮምጣጣ ነገር ለውጠው በቅጠላቸው ውስጥ ያከማቹታል። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ቀዳዳውን እንደ ዘጉ ከዚያው ከጎተራቸው እያወጡ ይሠራሉ።

ቤንጃሚን ሄይን የተባለ የዕፀዋት ተመራማሪ በሕንድ አገር ሳለ የእንዳሁላን ዘመድ ቅጠል ቀምሶ ጧት እንደሚኮመጥጥ፣ በቀትር ግን ጣዕም እንደሌለው በ1813 በደብዳቤ ጽፎ ነበር። እኛ በልጅነታችን እምቧጮ እንደምናኝከው ያለ ነገር መሆኑ ነው። አንባቢ ግን እርሱን አይከተል፤ በዚህ ወገን ካሉት ዕፀዋት አንዳንዶቹ ልብን የሚጎዳ መርዝ አላቸውና። እኔ ከኬሚስትሪ መምህራችን የአሲድ መለኪያ ወረቀት ለምኜ የቅጠሉን ጭማቂ ፈተንሁ። ፀሐይ ሳትወጣ የተቀጠፈው ወረቀቱን ብርቱካንማ ሲያደርገው፣ ከዚያው ተክል በዐሥራ አንድ ሰዓት ማታ የተቀጠፈው ወደ ቢጫ አደረገው። መጽሐፍ ላይ ካነበብሁት ይልቅ ይህ አሳመነኝ።

እንዲህ ከሆነ ተክል ሁሉ ለምን እንደ እንዳሁላ አይኖርም የሚል ይኖር ይሆናል። በአንድ ሌሊት ሊከማች የሚችለው ጥቂት ስለሆነ እድገቱ የዘገየ ነው። ስንዴ እንዲህ ቢኖር ገበሬው መከሩን ሲጠብቅ በተራበ ነበር።

በዘንድሮው ክረምት መጨረሻ እንደገና ተከልሁ። ቁራጩን በጥላ ሥር ሦስት ቀን አቆየሁት፤ የተቆረጠው ካልደረቀ በዚያ በኩል ይበሰብሳልና። ከአፈሩ ግማሽ ያህል አሸዋና ጠጠር ቀላቅዬ መደቡን ከፍ አደረግሁት፤ ፍግ አልጨመርሁም። በተከልሁ ዕለት አንድ ጊዜ አጠጣሁ፤ ከዚያ በኋላ የማጠጣው አፈሩ እስከ ጣቴ ርዝመት ሲደርቅ ብቻ ነበር። ሥር ከያዘ ወዲህ ይህንንም ተውሁት። ውርጭ የሚጥልበት አገር ያለ ሰው ከግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ቢተክለው ይሻላል። አበባው ሲያልቅ አገዳውን ከሥር መቁረጥ ነው፤ ከጎኑ ሌላ ያቆጠቁጣል።

በኅዳር መጨረሻ በጎረቤቱ መደብ ያሉት አበቦች ሲጠወልጉ እንዳሁላው አበበ፤ ንቦችም መጡበት። ዘበኛው በየጧቱ ቆመው ያዩታል፤ የሞቱትን ሰባቱን ግን እስካሁን አልረሱልኝም። ከክበቡ መደብ ቁራጭ የሚፈልግ ተማሪም ሆነ ወላጅ ቢመጣ፣ አገዳው በሚቆረጥበት በየካቲት ለሁሉም ይደርሳል።