አልለቅ ያለ የፊት ፍሬን፤ ፒክአፕ ለሚገዛም ለሚሸጥም

አሮጌ ፒክአፕ በሚገዛበትና በሚሸጥበት ቦታ የሞተር ድምፅ ይደመጣል፣ ሻሲ ይታያል፣ ሊብሬ ይገላበጣል። ስለ ፍሬን የሚቀርበው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ይይዛል ወይ?» የሚል። ይዞ የማይለቅ ፍሬንም ከማይዘው ባልተናነሰ ሁኔታ ባለንብረቱን ሊያከስር፣ ሲብስም ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል የሚያስበው ጥቂት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በመሆኑም በእጅ ያለን ፒክአፕ ጠግኖ ማቆየት ራሱን የቻለ የንግድ ስሌት ሆኗል። በዚህ ስሌት ውስጥ በየጊዜው ሸራና ዲስክ እየገዙ ዋናውን ብልሽት ሳያገኙ መቅረት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ምልክቶቹ

ፍሬን አልለቅ ሲል መኪናው በመጠኑ የታሰረ ያህል ይከብዳል፤ ነዳጅም ይበላል። ፍሬን ሳይረገጥ መሪው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከቆመ በኋላ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይሸታል። ከሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አንዱ በጥቁር የሸራ ብናኝ ይሸፈናል። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ካመጣ ሙቀቱ ከልክ ማለፉን ያመለክታል። ሸራ ዲስኩን በጥቂቱ እየነካ ማለፉ ግን የተለመደ ስለሆነ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ሁሉ ብልሽት አይደለም።

የትኛው ጎማ?

የመጀመሪያው ሥራ የሚግለውን ጎማ መለየት ነው። ብዙ ትራፊክ በሌለበት መንገድ ፍሬን እምብዛም ሳይረግጡ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ነድቶ በሜዳ ላይ ማቆም ይበቃል። ከዚያም እጅን ወደ ቸርኬው ሳያስነኩ ቀረብ በማድረግ የአራቱንም ሙቀት ማነጻጸር ነው። ዲስኩን መንካት ግን እጅን ያቃጥላል። አንዱ ብቻ ከጋለ ችግሩ በዚያው ጎማ አካባቢ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ከጋሉ ምክንያቱ ወደ ላይ፣ ወደ ማስተሩና ወደ ፔዳሉ ይፈለጋል።

ቡሎኗ ስትላላ

አንድ ጎማ ብቻ ሲግል የኋላ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዳሉ፤ ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ ጠንካራ መደገፊያ ላይ ያርፋል። ፍሬን ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላ ጎማው በእጅ ይሽከረከራል። አልዞርም ካለ በካሊፐሩ ላይ ያለችው የአየር ማስወጫ ቡሎን በጥቂቱ ትላላለች። አብዛኛውን ጥያቄ የምትመልሰው እርሷ ናት።

ዘይቱ በኃይል ፈንጥቆ ጎማው ወዲያው ከለቀቀ፣ የያዘው በውስጥ የታፈነ ግፊት ነው። ግፊቱ የት እንደታፈነ ለማወቅ ቡሎኗ ተጠብቃ ፍሬኑ እንደገና ይረገጣል፤ ቀጥሎ የጎማ ቱቦው ከብረቱ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት የላይኛው መጋጠሚያ ይላላል። በዚህ ከለቀቀ ጥፋቱ ከቱቦው በላይ ነው። በዚህ ሳይለቅ በካሊፐሩ ቡሎን ብቻ የሚለቅ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ራሱ ቱቦው ነው። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ በውስጡ ሊያብጥ ይችላል፤ እግር ሲረግጥ በኃይል የሚያሳልፈውን ዘይት ሲለቀቅ አይመልሰውም። ሲለወጥም የግራና የቀኙ አብሮ መለወጥ አለበት።

ቡሎኗ ተላልታም ጎማው ካልለቀቀ ብልሽቱ የብረት ነው። ካሊፐሩ ተንሸራታች ከሆነ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ደርቀው ወይም ዝገው ይሆናል። እንደ ብዙዎቹ ባለ 4 ጎማ ድራይቭ ሃይሉክሶች በሁለቱም ወገን ፒስተን ያለው ከሆነ ደግሞ ከአራቱ ፒስተኖች አንዱ ዝጎ መቆሙ ይጠረጠራል። አንደኛው ሸራ ከጓደኛው በጣም ቀድሞ ማለቁ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፒን ሲጸዳ ለፍሬን የተዘጋጀ ሙቀት ቻይ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ተራ ግሪስ የፍሬንን ላስቲክ ያሳብጣል። ሸራው ወጥቶም ጎማው ሲዞር የሚያጓራ ከሆነ ኩሽኔታው ይታይ።

ሁለቱም ሲግሉ

የፊት ጎማዎች ሁለቱም ከያዙ ማስተሩን ከሰርቮው ጋር የሚያያይዙት ዳዶዎች በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ይላላሉ። ጎማዎቹ በዚህ ከለቀቁ የሰርቮው መግፊያ ዘንግ ረዝሟል፤ ወይም ፔዳሉ ነጻ እንቅስቃሴ አጥቷል። ካልለቀቁ፣ ከማስተሩ የሚወጣው ቧንቧ ሲላላ ግን ከለቀቁ፣ በማስተሩ ውስጥ ያለችው የዘይት መመለሻ ቀዳዳ ተዘግታለች። የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላስቲክ አብጦ ከተገኘ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስሕተት ተጨምሯል ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ወጪ ነው፤ ዘይቱ የነካቸው ላስቲኮች ሁሉ መለወጥ አለባቸው።

በቁልቁለት የሚደርሰው

ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ውኃ ሲመጥ ግን ይህ መጠን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃልና ፔዳሉ ያለ ፍሬን ወለል ይነካል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። ከነጭነቱ 3 ሺህ ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ መገታት ያለበት ጉልበት ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ አብዛኛውን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ሊይዘው ይገባል። ከላይ ጀምሮ ግሎ የመጣ ፍሬን ለቀሪው አቅም አይተርፈውም። ዘይቱን በየ2 ዓመቱ መለወጥ የሚመከረውም ስለዚህ ነው።

ከዋጋ በፊት

ገዢ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይነዳና የአራቱን ጎማ ሙቀት ሳያነጻጽር ቀብድ ባይከፍል ይመረጣል። የጋለ ጎማ ካገኘ ከግዢው መሸሽ ግድ አይሆንበትም፤ ብልሽቱ ከፒን ማጽዳት እስከ ማስተር መለወጥ ስለሚለያይ የዋጋ ቅናሹም እንደዚያው ሊለያይ ይገባል። ሻጭም ቢሆን አስቀድሞ አስመርምሮ ቢቀርብ ያለ ምክንያት ዋጋ አይወርድበትም። ጋራዡ «ሸራና ዲስክ አምጡ» ሲል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ቡሎኗ ስትላላ ጎማው ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም?» ሸራና ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ብልሽት ተጎጂዎች ናቸው፤ ዋናው ሳይጠገን የገቡት አዲሶቹም ይቃጠላሉ።