ወጣትና የጽዋ ማኅበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ባለፈው የመማማሪያ ሰዓታችን ላይ «ወጣት ሰንበት ትምህርት ቤት እያለው ጽዋ ማኅበር መግባት ምን ያደርግለታል? ማኅበር የአባቶችና የእናቶች አይደለምን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው በሣቅ ታለፈ እንጂ መልስ አላገኘም። ለእኔ ግን የሚያስቅ ሆኖ አልታየኝም። ከመካከላችን ብዙዎቹ 12ኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ ወይ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወይ ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ ናቸው፤ ከወጡትም መካከል ቤተ ክርስቲያንን ከሩቅ ተሳልሞ የሚያልፈው ስንቱ እንደ ሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩን ጥቂት እንመርምረው።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። እድር ለቀብርና ለኀዘን የሚቋቋም የጎረቤት መረዳጃ ነው፤ በብዙ ቦታ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን በአንድነት ይይዛል። ሰንበቴ በዕለተ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በተራ የሚቀርብ ማዕድ ነው። ጽዋ ማኅበር ግን በወር አንድ ቀን፣ በአንድ በዓል ስም፣ በአባላቱ ቤት እየዞረ የሚጠጣ ነው።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። አባላቱ የሚዘክሩትን በዓል ይመርጣሉ፤ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን የሚዘክር አለ። በብዙ ማኅበር አባላቱ 12 ናቸው፤ ቁጥሩ ከሐዋርያት ጋር መግጠሙ እንዳለ ሆኖ ለሥራም ይመቻል፤ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ወር ይደርሰዋልና። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ይባርካል፣ ይቆርሳል፤ ገድል ወይም ድርሳን ወይም ተአምር ይነበባል፤ ደጅ የቆመ ነዳይም ሳይቀምስ አይሄድም። በመጨረሻ ጽዋው በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ለባለ ተራው ይሰጣል፤ እርሱም ቆሞ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ እናቶች እልል ይላሉ። ይህን ርክክብ እንደ ቀላል ነገር አንየው። ጽዋውን የተቀበለ ሰው በእግዚአብሔርና በወንድሞቹ ፊት «የሚመጣው ወር በእኔ ቤት» ብሎ ቃል ገብቷል።

የዚህ መሠረቱ ከየት ነው ለሚል፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ቁጥር 42 እስከ 47ን ያንብብ። በዚያን ጊዜ ያመኑት በመቅደስ አብረው ይጸልዩ ነበር፤ በየቤቱም እንጀራ እየቆረሱ በአንድነት ይመገቡ ነበር። መቅደሱ ቤቱን አላስቀረውም፤ ቤቱም መቅደሱን አልተካውም። በቅዱሳን ስም የሚሰጥ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተጽፏል። ልብ በሉ፣ የተጠቀሰው ውኃ ነው፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ከማዕዱ የሚበልጠው ሌላው ነገር ነው። ሁለት አባላት ተጣልተው እንደ ሆነ ሙሴውና ካህኑ ሳያስታርቋቸው ጽዋው አይነሣም። የቀረ አባል ይጠየቃል። ታሞ እንደ ሆነ ድርሻው ይላክለታል፣ በማግሥቱም ይጎበኛል፤ አዝኖ እንደ ሆነ ሁሉም ሄደው ያጽናኑታል። ሰማንያና መቶ ወጣት በሚሰበሰብበት ጉባኤ ሦስት ሳምንት የቀረ ሰው አይታወቅም፤ ከአሥራ ሁለት ሰው መካከል ግን የአንዱ ቦታ ባዶ ሲሆን ዓይን ይወጋል። (ለነገሩ በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ስም ይጠራል፤ ነገር ግን «ቀሪ» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍና ሄዶ ደጁን ማንኳኳት የተለያዩ ናቸው።) እኔ እንደሚመስለኝ ወጣቱ ማኅበር የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ትምህርቱን ከጉባኤ ያገኛል፤ ሥጋ ወደሙን ከመቅደስ ይቀበላል፤ «ምን ሆንህ?» የሚለው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ይህን የአገራችን የአሊዩ አምባ ሽማግሌ ነጋዴዎች በሕይወት ቢኖሩ በሚገባ ያስረዱን ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለትም ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ የምትገኝ ታላቅ ገበያ ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው ቅፍለት ጨው ጭኖ ይደርስባት ነበር። ያንን በረሃ ብቻውን ልለፍ የሚል ነጋዴ በውኃ ጥም ወይም በሽፍታ እጅ እንደሚጠፋ ያውቃል፤ ስለዚህ ቅፍለቱ አለቃ ይዞ በአንድነት ይጓዝ ነበር። ዛሬ ከቤቱ ርቆ የሚማር ወጣት በረሃው ሌላ ይሁን እንጂ ጉዞው ያው ነው።

ከተማሪዎችም ወገን ምሳሌ አለን። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ በተወሰዱ ጊዜ፣ በዚያ ካምፕ ጥቂቶች ለጸሎት ይሰበሰቡ ጀመር። በየግቢው በቅዱሳን ስም ይሰባሰቡ ከነበሩት ጋር ተባብረው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን በሰንበት ትምህርት ቤቶች ማደራጃ መምሪያ ሥር ተመሠረተ። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ያሉት ግቢ ጉባኤያት ከዚያ የመጡ ናቸው። ደብረ ብርሃን የገባ ወንድም በመጀመሪያው ሳምንት የግቢ ጉባኤውን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ሁለተኛው ወር ሲደርስ ልማድ ይለወጣልና።

አሁን ስለ ድግሱ ሳልናገር ባልፍ እውነቱን መደበቅ ይሆንብኛል። በአንዳንድ ማኅበር ተራ የደረሰው ሰው ካለፈው ደጋሽ ላለማነስ ሲል ይበደራል። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ወጡ፣ አንዳንድ ጊዜም በጉ ይከተላል። ደኻው አባል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይታገልና «ጽዋውን ለሌላ ስጡልኝ» ብሎ በዝምታ ይወጣል። የወጣበትን ምክንያት ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጻቸው በዚሁ ነው፤ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበርና (1ኛ ቆሮ. 11፥ 20-22)። ወጣቶች ማኅበርን «የጠላ ቤት» ብለው ቢሸሹ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መሸሽ ሳይሆን ገብቶ በትሕትና መናገር ነው። ከዳቦና ከጠላ በቀር ምንም አይቅረብ ብለው የወሰኑ ማኅበሮች አሉ፤ በረከቱም አልጎደለባቸውም። ማኅበር የማይቀርበት፣ ቅዳሴ ግን የማይገኝ ሰው ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል፤ ይህን የነፍስ አባቱ ይንገሩት።

ለመግባት የሚፈልግ አስቀድሞ ለነፍስ አባቱ ያማክር። ወላጁ ያረፈበት ልጅ የአባቱን ወይም የእናቱን ጽዋ ተክቶ ሊገባ ይችላል፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ደስ ይላቸዋል። ተራ ሳይወስዱ በእንግድነት አንድ ሁለት ጊዜ ተገኝቶ ሥርዓቱን ማየትም ነውር የለበትም። ከሦስትና ከአራት ማኅበር መመዝገብን ግን አልደግፍም፤ በሁሉም ቤት እንግዳ ሆኖ መቅረት ነው።

ለእኛ ለራሳችን ደግሞ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ፈቃደኛ የሆኑ 12 ሆነው፣ ካህናት አባቶችን አስፈቅደው፣ የወር ማኅበር ይጀምሩ። የሚቀርበው አንድ ዳቦ፣ ንፍሮና ውኃ ይሁን፤ ከዚህ የጨመረ ይቀጣ። ወላጅ ቤት የሌለው አባል በሌላው ቤት ይዘክር። ለትምህርት የሚርቁት ተራቸው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደልደል፤ ያን ጊዜ ይመለሳሉና። የቀሩትን ወሮች እዚሁ ያለነው እንሸፍናለን፤ በየወሩም ከመካከላችን አንዱ ለራቁት ስልክ እየደወለ ማን እንደ ተገኘና ማን እንደ ቀረ ይንገራቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።