የሕይወት ኢንሹራንስና የአእምሮ ሕመም ታሪክ፦ «አዎ» ወይስ «የለም»?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ አንድ ባለ አራት ገጽ ቅጽ ነው። ቅጹን ወደ ቤት ይዛ የመጣችው ታላቅ እህቴ ናት። አባታችን ካረፈ ወዲህ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት፤ እናቴም፣ እኔም፣ ትንሿ ልጇም በእሷ የመምህርነት ደሞዝ ነው የምንኖረው። «ነገ አንድ ነገር ብሆን እናንተ ምን ይውጣችኋል?» እያለች ስትጨነቅ ከርማ፣ አንድ የኢንሹራንስ ሽያጭ ወኪል ትምህርት ቤታቸው ድረስ መጥቶ ሲያስረዳ የአሥር ዓመት የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግባት ወሰነች። ቅጹን እዚያው መሙላት ጀምራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «ከዚህ በፊት የአእምሮ ወይም የነርቭ ሕመም ነበረብዎት?» ይላል። ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ «አዎ» እና «የለም»።

እህቴን በ2012 ዓ.ም. ልጇን ከወለደች በኋላ ድባቴ ይዟት ነበር። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ልጇን እያየች ዝም ብሎ ማልቀስ ብቻ። እኛ ቤት መጀመሪያ የታሰበው ጠበል ነው፤ ጠበሉም ተሄደ። በኋላ ግን አንዲት ነርስ ጎረቤታችን ይዛት ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄደች። እየተመላለሰች ታከመች እንጂ አልተኛችም። መድኃኒቱን ዘጠኝ ወር ያህል ወስዳ ሐኪሙ ሲላት አቆመች። ከዚያ ወዲህ ደህና ናት። ይህንን የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ፣ ጽሑፉንም ከማስረከቤ በፊት አንብባው ነው።

ወኪሉ እጇ መቆሙን አይቶ ምክንያቱን ጠየቃት፤ ነገረችው። «እሱን ተይው የኔ እህት፣ የለም በይው። አሁን ጤነኛ አይደለሽ እንዴ? ማን ሊያውቅ?» አላት። እሷ ግን ልቧ አልፈቀደም። ቅጹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማታ እኔ የማጠናበት ጠረጴዛ ላይ አመጣችው። «ጋዜጠኛ እሆናለሁ ትል የለ? በል ጠይቅልኝ» አለችኝ።

እኔም የሕግ ባለሙያ ጠየቅሁ፣ ኢንሹራንስ ቤት የሚሠራ የጓደኛዬን ወንድም አስቸገርኩ፣ ሕጉንም አገላበጥኩ። ያገኘሁትን ለእህቴ ብቻ ነግሬ ዝም ማለት አላስቻለኝም፤ በዚሁ ዲፓርትመንት ውስጥ ነገ ተቀጥሮ ተመሳሳይ ሳጥን ፊት የሚቆም ሰው መኖሩ አይቀርምና።

«ማን ሊያውቅ?»

እስቲ ከወኪሉ ጥያቄ እንጀምር። ልብስ ስንገዛ ስለ ዕቃው ይበልጥ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ኢንሹራንስ ግን ተቃራኒ ነው፤ ስለሚሸጠው ሥጋት ይበልጥ የሚያውቀው ገዢው ነው። ኩባንያው ከእህቴ አፍ ካልሰማ በቀር ምን እንዳለፈባት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን መድን የሚገባ ሰው ሥጋቱን ለመመዘን የሚረዳ የሚያውቀውን ነገር እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። አውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ይህ የኢንሹራንስ ክፍል ባለበት ቀጥሏል። ሕጉ ሆን ብሎ በመደበቅና ሳያውቁ በመሳሳት መካከል ልዩነት ያደርጋል፤ እህቴ ግን ዘጠኝ ወር የዋጠችውን ኪኒን «ረሳሁት» ልትል አትችልም።

ታዲያ ማን ያውቃል? አረቦኑ በየዓመቱ እስከተከፈለ ድረስ በእርግጥ ማንም አይጠይቅም። ፋይሉ የሚገለጠው ሰው ሲሞት ነው። በተለይ ውሉ ከተፈረመ ብዙም ሳይቆይ ሞት ከመጣ ኩባንያው የሆስፒታል ማስረጃ ያፈላልጋል። ያን ጊዜ ካርዷ ከተገኘ፣ የሞቷ ምክንያት የመኪና አደጋ ቢሆን እንኳ «ስትፈርም ዋሽታናለች» ተብሎ ክርክር ሊነሳ ይችላል። ችሎት ፊት የምትቆመው እናቴ ናት እንግዲህ። ወኪሉ ኮሚሽኑን ከወሰደ ቆይቷል፤ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማም የእሱ አይደለም።

የሕግ ባለሙያው አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮኛል። «ለወኪሉ በቃል ነግሬው ነበር» ማለት ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ የሚታየው በጽሑፍ የሰፈረው ነው። ስለዚህ የተሞላውን ቅጽ ከማስረከብ በፊት ፎቶ ኮፒ ማስቀረት ያስፈልጋል። በነገራችን ላይ ይህንን ስንቶቻችን እናደርገዋለን? እኔ የኮሌጅ መመዝገቢያ ቅጼን እንኳ ኮፒ የለኝም።

ኩባንያው ምን ይፈራል?

መጀመሪያ ላይ ኩባንያዎቹ በጭፍን የሚያገልሉ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ፍርሃታቸው ግን ጨርሶ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ቡታጅራ አካባቢ ከፍተኛ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድባቴ ያለባቸው ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 121 ሰዎች ሞተዋል፤ ዕድሜያቸውም ሠላሳ ዓመት ገደማ አጥሮ ተገኝቷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የሞቱበት ምክንያት ነው። ራስን ማጥፋትና አደጋ ቢኖሩም ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። ሰው ጭንቅላቱን ታሞ በሌላ በሽታ ሲሞት፣ ጉዳዩ ድህነትንና የሕክምና እጦትንም ይመለከታል ማለት ነው።

ይህ ጥናት ስለ እህቴ ምን ይላል? ምንም አይልም። እሷ አንድ ጊዜ ታማ፣ ታክማ፣ ድና ሥራዋ ላይ ያለች ሰው ናት። ችግሩ ያ ቅጽ ለሁለቱም የሰጠው አንድ ሳጥን መሆኑ ነው። በኛ አገር ደግሞ «የአእምሮ ሕመም» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ እንደ ስድብ እስኪቆጠር ደርሷል። እህቴን «አዎ» እንዳትል የያዛት ነገር የአረቦኑ መጨመር ብቻ አልነበረም፤ ቅጹን የሚያየው ጸሐፊ የተማሪዋ አባት ቢሆንስ የሚለው ጭምር ነው።

የጓደኛዬ ወንድም እንደነገረኝ፣ ሥጋቱን የሚመዝነው ባለሙያ የሚፈልገው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ነው። መቼ ጀመረ፣ መቼ ቆመ፣ ሆስፒታል ተኝታ ነበር ወይ፣ ራሷን ለመጉዳት ሞክራ ታውቃለች ወይ፣ አሁን መድኃኒት ትወስዳለች ወይ፣ ከሥራ ስንት ቀን ቀረች፣ መጠጥ አለ ወይ። ቀላል ድባቴ ኖሮበት የዳነና ሥራውን የሚሠራ ሰው በመደበኛው ዋጋ ወይም በመጠኑ ተጨምሮበት ሊገባ ይችላል። በቅርቡ ሆስፒታል የተኛ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሞከረ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ቆይተህ ተመለስ» ነው የሚባለው። ይህ ማለት ለዘላለም አይሆንም ማለት አይደለም። የገንዘቡ መጠን ከፍ ካለ ጉዳዩ ወደ ጠለፋ ዋስትና ሰጪው ኩባንያም ሊሄድ ስለሚችል መልሱ ይዘገያል።

ሳጥኑ ታሪክ አይቀበልም። ስለዚህ ታሪኩን ራስን ችሎ ማያያዝ ነው። እህቴ ወደታከመችበት ሆስፒታል አብረን ሄድን። ካርዷ እስኪገኝ ሁለት ቀን ተመላለስን፤ የካርድ ክፍል ሠራተኞች ይቅር ይበሉኝና ያን ቀን ስለ እነሱ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም። በመጨረሻ የሕመሙን ስም፣ ሕክምናው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ አለመተኛቷንና አሁን ያለችበትን ሁኔታ የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ በሐኪም ፊርማና በማኅተም አገኘን።

እድሩ ግን አልጠየቃትም

እናቴ ይህንን ሁሉ ሩጫ እያየች «እድር እያለ ምን አስለፋችሁ?» አለች። አባባሏ አስቆኛል፤ ነገር ግን ቁም ነገር አለው። የሰፈራችን እድር እህቴ ስትገባ ምን ታመሽ አላላትም። ወርሃዊውን ከፈለች፣ ደብተሯ ላይ ተጻፈላት፣ አለቀ። እድር ሥጋትን የሚሸከመው ሰው እየመረጠ ሳይሆን ሰፈሩን በሙሉ አንድ ላይ አድርጎ ነው። ገንዘቡ ግን ለቀብርና ለሐዘን ቤት እንጂ ልጅ አሥር ዓመት ለማስተማር አይበቃም።

ለእድር የሚቀርብ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እሱም መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ በጅምላ የሚገባው የቡድን የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። ሠራተኞቹ ብዙ ሲሆኑ እስከተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ የእያንዳንዱ ጤና ላይጠየቅ ይችላል። የእህቴ ትምህርት ቤት የለውም። ሥራ ስትቀጠሩ ከደሞዙ ቀጥሎ ይህንን ብትጠይቁ አይከፋም።

ስለ ፍትሑስ? ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ 25ኛ አንቀጽ የሕይወት ኢንሹራንስን በስም ጠርቶ፣ የአገሩ ሕግ በሚፈቅደው ቦታ በፍትሐዊና በምክንያታዊ መንገድ መሰጠት እንዳለበት ይናገራል። ስምምነቱ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየ የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። በሕገ መንግሥታችን 9ኛ አንቀጽ መሠረት ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገር ሕግ አካል ነው። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ሕግ ሸማቹ ሳይጠየቅ ሁሉን የመዘርዘር ግዴታው ቀርቶለት፣ ለቀረበለት ጥያቄ ተጠንቅቆ እውነቱን መመለስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እንዲህ ሲሆን ጥያቄውን በደንብ የማውጣቱ ሸክም ኩባንያው ላይ ይወድቃል። የኛው ሕግ ሸክሙን ገዢው ላይ እንዳስቀመጠ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እንደኔ እንደኔ ይህ ቢታይ ጥሩ ነው። የኛ ዲፓርትመንት ልጆች የመመረቂያ ርዕስ ሲጠፋባችሁ ይኸውላችሁ።

እህቴ «አዎ» ላይ ምልክት አድርጋ፣ ደብዳቤውን አያይዛ አስገባች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በስልክ «አልተቀበልነውም» ተባለች። ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠየቀች፤ አልሰጧትም። ያን ቀን ማታ ምንም አልተናገረችም፤ እኔም ወኪሉን ብትሰማው ይሻላት ነበር ይሆን ብዬ አስቤያለሁ። አልዋሽም።

ሌላ ኩባንያ ጋ ስትሄድ ቅጹ «ከዚህ በፊት ማመልከቻዎ ተቀባይነት አጥቶ ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ነበረው። እሱንም «አዎ» አለች። እነዚህኞቹ ሐኪማቸው እንዲያያት አደረጉ፣ ሁለት ጊዜ ደውለው ጠየቋት፣ በመጨረሻ አረቦኑ ላይ አንድ አራተኛ ጨምረው ተቀበሏት። ጭማሪው አናዷታል። ሁለት ዓመት ደህና ሆና ከቆየች እንዲታይላት ስትጠይቅ «ያኔ ይጻፉልን» ብለዋታል። ውሉን ከመፈረሟ በፊት ማታ ተቀምጠን መስመር በመስመር አነበብነው፤ በተለይ ኩባንያው የማይከፍልባቸውን ሁኔታዎች የሚዘረዝረውን ክፍልና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራስን ስለማጥፋት የሚለውን።

አሁን ውሉ፣ የቅጹ ፎቶ ኮፒና የሐኪሙ ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ሆነው እናቴ ሳጥን ውስጥ ከእድሩ ደብተር ሥር ተቀምጠዋል። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እህቴ ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ መስቀል አድርጋበታለች፤ የቱ እንደሆነ እንድታውቀው።