በሣር ላይ ክብ ሠርተው የሚበቅሉ እንጉዳዮች እንዴት ይለያሉ?

ወንድሞችና እህቶች፤ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ በሣር ላይ ብቅ የሚለውን እንጉዳይ፣ የጅብ ጥላ የምንለውን ጭምር፣ የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። አንዳንድ ጊዜ ሰው በገመድ ለክቶ የተከላቸው ይመስል ክብ ሠርተው ይበቅላሉ። በዛሬው ትምህርታችን ክቡ ከምን እንደሚመጣ፣ የሚበላውና መርዘኛውም በምን እንደሚለዩ እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችን በሰፊው ከተጠኑበት ከአውሮጳና ከሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የተወሰዱ ናቸው።

1. ክቡ ከምን ይመጣል?

በድሮ ዘመን ብዙ አውሮጳውያን ክቡን መናፍስት ሌሊት ሲጨፍሩ የረገጡት ነው ይሉ ነበር። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች እስከ ዛሬ «የጠንቋዮች ቀለበት» ይሉታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1807 ዊልያም ሃይድ ዎላስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ክቡ ከፈንገሱ አስተዳደግ የሚመጣ መሆኑን በጽሑፍ አስረዳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት በላይ የምናየው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካል በአፈር ውስጥ የተዘረጋ፣ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ ክር ነው። ክሩ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በየአቅጣጫው እኩል ይሰፋል። በመካከል ያለውን ምግብ ሲጨርስ አሮጌው ይሞታል፤ አዲሱ ወደ ውጭ ይገፋል። ርጥበት ሲያገኝም ፍሬውን በዳሩ ላይ ያወጣል። በፈረንሳይ አገር በቤልፎር አካባቢ የተገኘ አንድ ክብ 600 ሜትር ያህል ስፋት እንዳለውና ዕድሜው 700 ዓመት እንደሚደርስ ይገመታል።

እንግዲህ ክቡ የአስተዳደግ ምልክት ነው እንጂ ለመብል የመስማማት ምልክት አይደለም። ልዩ ልዩ ዓይነቶች ያው ክብ አላቸው።

2. ሦስት ምሳሌዎች

ሀ) ማራስሚየስ ኦሪያዴስ። የሚበላ ነው። ቆቡ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ቀለሙ ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን መካከሉ ጕብ ይላል። ከቆቡ ሥር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ ክፍሎች የተራራቁ ናቸው። እግሩ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ቢጠመዘዝም ቶሎ አይሰበርም።

ለ) ክሊቶሲቤ ሪቩሎሳ። መርዘኛ ነው። መጠኑ ከፊተኛው ጋር ይቀራረባል፤ በዚያው ሜዳ አጠገቡ ሊበቅልም ይችላል። ቆቡ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጣ ይላል። ገጾቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ ጥቂትም ወደ እግሩ ይወርዳሉ። ሙስካሪን የተባለው መርዙ ከሩብ ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ፣ ለሃጭና እንባ ያስወርዳል፤ የልብንም ምት ያዘገያል።

ሐ) ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ። ይህም መርዘኛ ነው። ሙቀት ባለባቸው አገሮች ሣር ላይ ይበቅላል። ቆቡ ትልቅና ነጭ ሆኖ ቡናማ ቅርፊት አለበት፤ በእግሩም ላይ ቀለበት አለ። በሰሜን አሜሪካ በእንጉዳይ ከሚመረዙት ሰዎች ብዙዎቹ የተመረዙት በዚህ ነው። ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል።

3. የስፖር ቀለም

ስፖር ማለት እንጉዳይ የሚራባበት እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘር ነው። ቀለሙን ለማየት ቆቡን ከእግሩ ቆርጦ፣ ገጾቹን ወደ ታች አድርጎ በነጭ ወረቀት ላይ ማኖርና በብርጭቆ ከድኖ ማሳደር ነው። ከዚያም እጅን በሚገባ መታጠብ ያስፈልጋል። በሐ የተጠቀሰው አረንጓዴ ብናኝ ይተዋል። የሀ እና የለ ግን ሁለቱም ነጭ ስለሆነ በዚህ ብቻ አይለዩም። አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም የምንለው ስለዚህ ነው።

4. የሚያሳስቱ አባባሎች

«ከብር ሳንቲም ጋር ሲቀቀል ሳንቲሙን ካላጠቆረ ደኅና ነው»፤ «እንስሳ ከበላው ሰውም ይበላዋል»፤ «በደንብ ከበሰለ መርዙ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ሦስቱም ሐሰት ናቸው። አማኒታ ፋሎይደስ የተባለው ከዛፍ ሥር የሚበቅል እንጉዳይ መርዙ ቢቀቀልም አይጠፋም። ሕመሙ የሚጀምረው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ መርዙ ጉበትን መጉዳት ጀምሯል፤ ብዙ ሰዎችንም ገድሏል።

ስለዚህ አንድ ሰው፣ ይልቁንም ሕፃን፣ ያልታወቀ እንጉዳይ ቢበላ ሕመም እስኪሰማው ሳንጠብቅ፣ የቀረውን እንጉዳይ ይዘን ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው።

ወንድሞችና እህቶች፤ ክቡን ስናገኝ እንለካው፣ እንሣለው፣ ገጾቹን እንመርምር። ዓይነቱን በትክክል የሚያውቅ ሰው በእጁ ይዞ ሳያረጋግጥልን ግን ወደ ድስት አናግባ። ይህም ጽሑፍ ለማወቅ ነው እንጂ ለመብላት ፈቃድ አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የተዋጠ መርዝ ግን አይለቀምም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. እንጉዳይ በክቡ ዳር እንጂ በመካከሉ የማይበቅለው ለምንድን ነው?
2. ሀ እና ለ በምን በምን ይለያሉ?
3. ታናናሾቻችንን ከዚህ አደጋ እንዴት እንጠብቃለን?