የአገር መሪ ለተማሪዎች ሲናገር

የአገር መሪ ለተማሪዎች ንግግር ቢያደርግ ምን ክፋት አለው? ብዙ ሰው «ምክር ነው፤ ምንም ክፋት የለውም» ብሎ ይመልስ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ጉዳይ በአሜሪካ አገር ታላቅ ክርክር አስነሥቷል። ክርክሩ እኛን ተማሪዎችን የሚመለከት ስለሆነ፥ የተረዳሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

ጳጉሜን 3 ቀን 2001 ዓ.ም. (በአውሮጳውያን አቈጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 2009) ፕሬዚደንት ባራክ ኦባማ በቨርጂኒያ፥ አርሊንግተን በሚገኘው በዌክፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝተው ለአገሪቱ ተማሪዎች ተናገሩ። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ግን ነገሩ ተጋግሎ ነበር። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ለመምህራን ባሰናዳው ወረቀት ላይ፥ ሕፃናቱ ፕሬዚደንቱን በምን ሊረዱ እንደሚችሉ ለራሳቸው ደብዳቤ እንዲጽፉ የሚል ሐሳብ ተገኘ። ብዙ ወላጆች፥ ልጆቻችንን የምንልከው እንዲማሩ እንጂ የአንድ ሰው ደጋፊ እንዲሆኑ አይደለም ሲሉ ተቃወሙ። የፍሎሪዳ ሬፑብሊካን ፓርቲ ሊቀ መንበርም ንግግሩ የሶሻሊስት ሐሳብ ማስፋፊያ ነው ብለው ከሰሱ።

መሥሪያ ቤቱ ያንን ዓረፍተ ነገር ለወጠው፤ ተማሪው የራሱን የትምህርት ዓላማ እንዴት እንደሚፈጽም እንዲጽፍ አደረገ። የንግግሩም ቃል ከዋዜማው ጀምሮ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ሲነበብ፥ ተማሪው በርትቶ እንዲያጠና፥ ቢወድቅም ተስፋ እንዳይቈርጥ የሚመክር ነበር። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ቃሉን ካነበቡ በኋላ ልጆቼ ቢሰሙት አልቃወምም አሉ። ሆኖም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ንግግሩን ሳያሰሙ ቀሩ፤ ሌሎችም ወላጁ ያልፈቀደለት ልጅ እንዳይሰማ አደረጉ።

ይህ ክርክር የመጀመሪያው አልነበረም። መስከረም 20 ቀን 1984 ዓ.ም. (ኦክቶበር 1 ቀን 1991) የሬፑብሊካኑ ፕሬዚደንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በዋሽንግተን ከተማ በአሊስ ዲል ትምህርት ቤት ሆነው በቴሌቪዥን ለተማሪዎች ተናግረው ነበር። እርሳቸውም ስለ ጥናት ከመከሩ በኋላ፥ ተማሪዎቹ የትምህርቱን ዓላማ ለመፈጸም በምን ሊረዱ እንደሚችሉ ደብዳቤ እንዲጽፉላቸው ጠየቁ። ያን ጊዜ የተቈጡት ዴሞክራቶች ነበሩ። ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ 26,750 ዶላር ለዝግጅቱ በመውጣቱ፥ የሕዝብ ገንዘብ ለምርጫ ማስታወቂያ ዋለ ብለው ወቀሱ። ጉዳዩ ቢመረመርም ሕግ አልተጣሰም ተባለ።

እንግዲህ በ1984 ዓ.ም. ወቃሹ አንደኛው ወገን፥ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው ወገን ሆነ። «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙዎች የመዘኑት ንግግሩን ሳይሆን ተናጋሪውን ነበር።

ይሁን እንጂ የወላጆቹ ሥጋት ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም። ሕፃን የሚነገረውን ቶሎ ያምናል፤ ክፍል ውስጥም ሆኖ ተነሥቶ ለመውጣት ነፃነት የለውም። ስለዚህ «መሪውን በምን ትረዳለህ?» ብሎ መጠየቅና «ዓላማህን እንዴት ትፈጽማለህ?» ብሎ መጠየቅ ልዩነቱ ታላቅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ተማሪውን የመሪው አገልጋይ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን መሪውን የተማሪው መካሪ ያደርገዋል። ትምህርት ቤት የተሠራው ለተማሪው ነው።

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ቢጠበቁ መልካም ነው። አንደኛ፥ መሪው የሚናገረው ቃል አስቀድሞ ለወላጆችና ለመምህራን ይታይ። ሁለተኛ፥ የወደድነው መሪ ሲናገር የምንፈቅደውን፥ ያልወደድነውም ሲናገር እንፍቀድ። ሦስተኛ፥ ከንግግሩ በኋላ መምህሩ «ምን ተባለ? እውነት ነውን? ምን ቀረ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ተማሪውም ያለ ፍርሃት ይመልስ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ታላቅ ሰው ሲናገር በጸጥታ ማዳመጥ ጨዋነት ነው፤ የሰሙትን መመርመር ደግሞ ትምህርት ነው። ሁለቱንም አንድነት ልንይዛቸው ይገባናል።