«ሸረሪት ሸናብኝ»፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ አንገቱ ወይም ክንዱ ላይ እንደ እሳት የሚለበልብ ቀይ መስመር ያገኘ ሰው ከመካከላችን ጥቂት አይደለም። «ሸረሪት ሸናብኝ» እንላለን፤ በግድግዳው ሥር የምትሮጠውንም ሸረሪት አሳደን እንገድላለን። በዚህ እትም ትምህርታችን ተከሳሿ ማን እንደ ሆነች፣ ጥፋቱም የማን እንደ ሆነ እንመለከታለን።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል የምናስባት ሸረሪት ድሯን ዘርግታ ታዳኟን የምትጠብቀዋን ነው። መሬት ለመሬት የምትሮጠው ግን ብዙውን ጊዜ ተኩላ ሸረሪት የምትባለው ናት። እርሷ ለማደን ድር አትዘረጋም፤ አድፍጣ ወይም ሮጣ ትይዛለች። ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ነገር ግን እንደ ተኩላ በመንጋ አትሄድም፣ ብቸኛ ናት። (በስዋሂሊ ሸረሪት «ቡይቡይ» ይባላል፤ የባሕር ዳርቻ ሴቶች የሚለብሱት ጥቁር ልብስም ስሙ ያው ነው።)

መልኳ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ሰውነቷ ጸጉራም ነው። አፈር ስለምትመስል ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። ትልቋ ዓይነት እግሯ ሳይቆጠር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሆናለች፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያ በጣም ያንሳሉ። ዓይኖቿ 8 ናቸው፦ ከታች በአንድ ረድፍ 4 ትንንሽ፣ ከእነርሱ በላይ ወደ ፊት የሚያዩ 2 ትላልቅ፣ ከላይ ደግሞ 2። በጨለማ ባትሪ ግንባራችሁ አጠገብ ይዛችሁ ሣር ላይ ብታበሩ ዓይኖቿ እንደ ጤዛ ጠብታ ያብረቀርቃሉ።

በጣም የሚያስደንቀው እናትነቷ ነው። እንቁላሎቿን በሐር ጠቅልላ እንደ ትንሽ ኳስ ከኋላዋ አያይዛ ትዞራለች። ኳሷ ቢወሰድባት ትፈልጋለች፤ በምትኩ የጥጥ ድብልብል ቢሰጣት እንኳ ተቀብላ የምትሸከምበት ጊዜ አለ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ፣ ለቀናትም በዚያው ይቆያሉ። «ስመታት ሺህ ሆና ተበተነች» የሚባለው ይህን ያየ ሰው ነገር ነው።

ለሕክምና ወይም ለቃለ መጠይቅ ናይሮቢ የመጣ ወገናችን መሃል ከተማ በጂቫንጂ መናፈሻ ወይም በኡሁሩ ፓርክ ሣር ላይ ዐረፍ ሲል፣ እንዲህ ያሉ ትንንሽ አዳኞች በእግሩ ሥር ይሯሯጣሉ። የሚበሉት ዝንብ፣ ፌንጣና ሌሎች ነፍሳትን ነው። ሰውን አይፈልጉም፤ በእጅ ከተጨፈለቁ ሊነክሱ ይችላሉ፣ ሕመሙና እብጠቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል። ሸንተው ቆዳ የሚያቃጥሉ ግን አይደሉም።

ታዲያ ማን አቃጠለን? ናይሮቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው «ናይሮቢ ፍላይ» የሚባለው ነው። ስሙ ዝንብ ቢሆንም 1 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ጉንዳን የሚመስል፣ ቀይና ጥቁር የተፈራረቀበት ቀጭን ጥንዚዛ ነው። በዝናብ ወራት ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ1998 የኤልኒኞ ዝናብ በወረደ ጊዜ የናይሮቢን ሰው እጅግ አስቸግሮ ነበር። አይነክስም፣ አይናደፍም። ነገር ግን ቆዳችን ላይ ስንጨፈልቀው ፔደሪን የሚባል መርዝ ከሰውነቱ ይወጣል። ቃጠሎው ወዲያው ስለማይሰማ፣ መቅላቱና ውኃ መቋጠሩ በማግሥቱ ወይም ከዚያ በኋላ ሲመጣ በአቅራቢያ የተገኘችው ሸረሪት ትከሰሳለች።

ስለዚህ ሰውነታችሁ ላይ ስታዩት አትምቱት። እፍ ብላችሁ አባርሩት ወይም ወረቀት ላይ አውጥታችሁ ጣሉት፤ የነካውን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። በነካችሁበት እጅ ዓይናችሁን አትሹ። ማታ ወደ ብርሃን ስለሚመጣ አልጋን ከአምፖል በታች አታድርጉ፣ አጎበርም ይረዳል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ነጭ ጋዝ መቀባት የተቃጠለውን ቆዳ ይበልጥ ያቆስላል።

ውኃ የቋጠረው በአንድ ጎን ብቻ ተሰልፎ ብርቱ ሕመም ካለው አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ስለሚችል ክሊኒክ ይታይ። ጊንጥ የነደፈው፣ ወይም ማንኛውም ነገር ነክሶት ሕመሙ እየተስፋፋ የሚሄድ ሰው፣ በተለይም ዓይኑ ያበጠ ሕፃን፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ።