ገበያው ሲቀዘቅዝ

ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ ሱቅ፣ ሉካንዳ ወይም ስፌት ቤት ያለው ሰው ገበያ ዓመቱን ሙሉ እኩል እንደማይሆን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ሁዳዴ ሲገባ የክርስቲያን ሉካንዳ ሥጋ ማውረዱን ያቆማል። ክረምቱ ሲበረታ የመሠረት ቁፋሮና የግንባታ ሥራ ስለሚቀንስ አጣና ተራ ጭር ይላል። ትምህርት ሲዘጋ ደብተርና እስክሪብቶ ፈላጊ ይጠፋል። ለመስቀል ጉራጌው፣ ለአረፋ ስልጤው አገር ቤት ሲገባ ደግሞ ብዙ ሱቅ ተቆልፎ ይሰነብታል። ሆኖም ቅዝቃዜው በመጣ ቁጥር ብዙዎቻችን እንደ ድንገተኛ አደጋ እንቀበለዋለን። ላስረዳ የምፈልገው ጭር ያለውም ወቅት ከሥራው ዓመት የሚቆጠር መሆኑን ነው፤ የራሱ ሥራና የራሱ በጀት ያስፈልገዋል።

በመጀመሪያ ቀኑን ማወቅ ነው። በባሕረ ሐሳብ ቀመር ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም፤ ፋሲካም የሚውለው ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባሉ። ረመዳን ግን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል።

ይህ ለነጋዴ ምን እንደሚጠቅም በአንድ ቁርስ ቤት እንየው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጠዋት ጠዋት ጎራ የሚልበት ቤት ነው እንበል፤ ኮልፌ ላይ እንዲህ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ቁርስ ቤቱ ሁለቱንም ደንበኛ በአንድ ጊዜ ያጣል፤ ረመዳን ሲፈታ ሙስሊሙ፣ ፋሲካ ሲደርስ ክርስቲያኑ ይመለስለታል። በ2019 ግን ነገሩ ይለያል። ረመዳን በየካቲት መባቻ ግድም ይገባል፤ እሱ ሊፈታ ሲል ሁዳዴ የካቲት 29 ይቀበለዋል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ይውላል። አንዱ ደንበኛ ሲመለስ ሌላው ይሄዳል ማለት ነው። ቤቱ ጨርሶ ባዶ አይሆንም፤ ነገር ግን ገበያው ሳይሟላ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ይቆያል። ሁለቱ ጾሞች ሲገጣጠሙ ቤቱን ዘግቶ ቀለም መቀባትና ምድጃ ማደስ ያዋጣል፤ በ2019 ግን ሳይዘጉ፣ የሚቦካውን ሊጥ ቀንሶ መሥራት ይሻላል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ባለቤት የዱቄቱንም የደመወዙንም ነገር አስቀድሞ ይወስናል።

ከዚያ ማወዳደር ይመጣል። የመጋቢትን ሽያጭ ከጥር ሽያጭ ጋር ማስተያየት ሰውን ያስደነግጣል እንጂ ምንም አያስተምርም። ሁዳዴ መተያየት ያለበት ከአምናው ሁዳዴ ጋር ነው፤ ያውም በብር ሳይሆን በሳህን፣ በኪሎ፣ በሜትር። ዋጋ እየናረ ባለበት ዘመን ብሩ ሲበዛ ሥራው ግን ሊያንስ ይችላል። የዘንድሮው ጾም ከአምናው ጾም በእጅጉ ካነሰ፣ ችግሩ ከጾሙ ሌላ ነውና ሌላ መፍትሔ ይፈልጋል።

ለገንዘቡ እቁብ የታወቀ መንገድ ነው። ጥንቃቄው ጊዜው ላይ ነው፤ ክፍያው ገበያ በሚደራበት ወቅት የሚያልቅ እቁብ ለነጋዴ ይስማማል። በሳምንት የሚከፈል ከባድ እቁብ ይዞ ጾም ውስጥ መግባት ግን ለብድር ይዳርጋል።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። በቀዘቀዘ ገበያ ከሚሠራው ሁሉ እኔ የማስቀድመው ማስተማርን ነው። ስፌት ቤትን ውሰዱ። በነሐሴና በጳጉሜን የተማሪ ዩኒፎርም ይከመራል፤ ሰፊው እንቅልፍ የለውም። በዚያ ጥድፊያ ለማጁ የሚደርሰው ቁልፍ መትከል፣ ክር መቁረጥና መተኮስ ብቻ ነው። የደንበኛ ጨርቅ ቢበላሽ ባለቤቱ ይከፍላልና መቀስ አያስይዘውም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ሱሪ መቁረጥ ሳይችል ይቀራል። ጥቅምት ሲገባ፣ ወይም ሠርግ በማይደገስበት በሁዳዴ፣ ያ ፍርሃት አይኖርም። ልጁ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ልክ ያውጣ፤ ቀጥሎ ከተጠራቀመው ቁራጭ ጨርቅ ይቁረጥ። ሙሉ ልብስ ማሠራት አይጠቅምም፤ የሚያስቸግሩት ኮሌታ፣ ኪስና ዚፕ ናቸውና አንዱን ደጋግሞ ይስፋ። የሰፋውን ራሱ ይፍታው፤ ስህተቱ የት እንደጀመረ የሚያየው ሲፈታ ነው። ጌታው በየመሀሉ መጥቶ ይንካ፣ ይጠይቅ፣ ቀጥሎ የሚሠራውን ይንገረው። እንዲህ ከተያዘ ለሚቀጥለው ነሐሴ ሁለተኛ ቆራጭ ተገኘ ማለት ነው። ልጁም ለብቃት ምዘና ተቀምጦ የሙያ ማረጋገጫ ሊይዝ ይችላል።

«ካስተማርኩት ነገ ጎኔ ሱቅ ይከፍታል» የሚል ሥጋት እንዳለ አውቃለሁ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ምንም ሳይማር ዓመታት ያለፉት ልጅም ይሄዳል፤ የሚሄደውም ቅሬታ ይዞ፣ ያውም ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ያስተማረውን ሰው የሚያከብር ልጅ ግን ሱቅ ቢከፍትም ሥራ ሲበዛ ተጠርቶ ይመጣል።

ጥገናም የዚህ ወቅት ሥራ ነው። የወፍጮ ድንጋይ የሚወቀረው ሰው ለበዓል እህል ይዞ ከመሰለፉ በፊት ነው። የስፌት መኪና ዘይት፣ የሉካንዳ ማቀዝቀዣ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ክረምት ደግሞ ለሂሳብ ይመቻል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የዱቤ መዝገቡን ገልጦ ማን ምን እንዳለበት ማጥራት በዚያው ወቅት ይጠናቀቃል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። አባቶች «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚሉት ዝም ብሎ መቀመጥ ሲያቅት የሚመጣውን ጥፋት አይተው ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ የማያውቀውን ዕቃ በብድር የሚጭን፣ ደህና ይሸጥ የነበረውን መደርደሪያ የሚያፈርስ፣ ሠራተኛውን ንጹሕ ወለል ደግመህ ጥረግ የሚል ባለቤት አለ። የተለየ ሥራ ከሌለ ማረፍ ይሻላል። ነሐሴን ቆሞ ያሳለፈ ሰው በጥቅምት ቢተኛ ስንፍና አይደለም።

ለተቀጣሪም እንዲሁ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመራል። አሠሪ ፈቃዱን የሚያወጣው በፕሮግራም ነው፤ በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት ማገናዘብም ይኖርበታል። ጭር በሚልበት ወቅት ተነጋግሮ ፈቃድ መስጠት ለሁለቱም ይበጃል። ገበያ ቀዘቀዘ ብሎ የሠለጠነ እጅ ማሰናበት ግን በእኔ እምነት ከኪሳራ ሁሉ የከፋ ነው፤ በዓል ሲደርስ በሱ ምትክ የሚመጣው ሰው መቀሱ የት እንደተቀመጠ እንኳ አያውቅም። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሠራተኞቻችሁን የሁለት ወር ደመወዝ ገበያው ደርቶ ሳለ ለይታችሁ አስቀምጡ።